በሴቶች ዳሌ ውስጥ የሚገኙ እብጠቶችን በምስል ምርመራ መለየት

በሴቶች ዳሌ ውስጥ የሚገኝ እብጠት ራሱን የቻለ የበሽታ ስም አይደለም። ሐኪሙ በእጁ የዳሰሰውን ወይም ታካሚዋ ራሷ የታችኛውን ሆዷን ስትነካ ያስተዋለችውን ነገር ይገልጻል እንጂ ምንነቱን አይናገርም። እብጠቱ ከማህፀን ጡንቻ የተነሳ ማዮማ፣ በእንቁላል ማምረቻ ላይ የተቋጠረ ውኃ፣ በእንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ መግል፣ ከማህፀን ውጭ ያደረ ጽንስ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። እብጠት ተብሎ ለምርመራ የተላከው ነገር ሽንት የሞላው ፊኛ ወይም ያልታወቀ እርግዝና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ከእነዚህ መካከል አንዱ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይሻል፤ ሌላው በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ሌላው ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠፋል። የምስል ምርመራ የሚያስፈልገውም ይህን ልዩነት ሆድ ሳይከፈት ለማወቅ ነው።

ምልክቶቹና የሚያሳስቱባቸው መንገዶች

እብጠቱ ትንሽ ሳለ ብዙውን ጊዜ ምልክት አይኖረውም። እያደገ ሲሄድ በአጠገቡ ያሉትን አካላት መጫን ይጀምራል፤ ፊኛን ሲጫን ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ የትልቁን አንጀት መጨረሻ ሲጫን ድርቀት ያስከትላል። ማዮማ የወር አበባን በማብዛትና በማራዘም ለደም ማነስ ይዳርጋል። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ግን ምልክቱ ከጨጓራ ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል አታላይ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ጥቂት ተበልቶ ቶሎ ይጠገባል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው ሆዳቸው በፈሳሽ ከተሞላ በኋላ ሆስፒታል የሚደርሱ ሴቶች አሉ።

የሆድ መግፋት ውፍረት ነው፣ እርግዝና ነው እየተባለ የሚባክነው ጊዜም ቀላል አይደለም። ያላገባች ወጣት ስትሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ሆዷ መግፋቱ ሐሜት ያስነሳብኛል ብላ ስለምትሰጋ ልብሷን አስፍታ ሕመሟን መሸሸግ ትመርጣለች። በወጣት ሴቶች ላይ የሚታዩ የእንቁላል ማምረቻ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር ያልሆኑና በቀዶ ሕክምና የሚድኑ ናቸው። ሆኖም በቆዩ ቁጥር መጠናቸው ያድጋል፤ የመጠምዘዝ አደጋም ይኖራቸዋል። ጠበል የምትጠመቅም ሆነች የባህል መድኃኒት የምትወስድ ሴት ጎን ለጎን ምርመራውን ማድረግ ትችላለች፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጊዜ የማይሰጡ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በአንድ ወገን የሆድ ሕመም ሲሰማት፣ በተለይም የማዞርና ራስን የመሳት ስሜት ሲታከልበት ነው። ይህ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ፈንድቶ ወደ ሆድ ውስጥ ደም እየፈሰሰ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ሁለተኛው ድንገት የሚጀምርና ከማስታወክ ጋር የሚመጣ ብርቱ ሕመም ሲሆን፣ የእንቁላል ማምረቻው በራሱ ደም ሥር ላይ ሲጠማዘዝ የሚከሰት ነው። በሁለቱም ሁኔታዎች እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም።

አልትራሳውንድ ከዳሌ እብጠቶች ጋር ያለው ታሪክ

ብዙ ሰው አልትራሳውንድን የሚያውቀው ከነፍሰ ጡር ክትትል ጋር አያይዞ ነው። መሣሪያው ወደ ማህፀን ሕክምና የገባው ግን በዳሌና በሆድ እብጠቶች በኩል ነው። በስኮትላንድ ግላስጎው የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ከታካሚዎች በቀዶ ሕክምና የወጡ ማዮማዎችንና ሲስቶችን ይዘው የቦይለር አምራች ወደ ሆነ ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልግበት የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ነበረው። ፕሮፌሰሩም በዚሁ መሣሪያ ውኃ የቋጠረው ሲስትና ድፍኑ ማዮማ የተለያየ ማሚቶ እንደሚሰጡ አረጋገጡ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1958፣ ፕሮፌሰር ዶናልድ ከሐኪሙ ጆን ማክቪካርና ከኢንጂነሩ ቶም ብራውን ጋር በመሆን የሆድ እብጠቶችን በአልትራሳውንድ ስለ መመርመር የሚያትት ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በዚያ ሥራ ውስጥ የአንዲት ሴት ታሪክ ይገኛል። ሆዷ እጅግ ያበጠው ይህች ሴት ሊወጣ የማይችል የተስፋፋ ካንሰር አለባት ተብላ ነበር። አልትራሳውንዱ ሲነሳ ግን የታየው በውኃ የተሞላ ትልቅ የእንቁላል ማምረቻ ሲስት ነበር፤ ሲስቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሴትየዋ ዳነች። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ተሻሽሏል፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ያው ነው። እብጠቱ ከየትኛው አካል ተነሳ? ውስጡስ ውኃ ነው ወይስ ድፍን ሥጋ?

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው በላይ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው የድምፅ ሞገድ ይጠቀማል። በቆዳ ላይ የሚቀመጠው ፕሮብ ሞገዱን ወደ ውስጥ ይልካል፤ ከአካላት ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ማሚቶ ደግሞ ተቀብሎ ወደ ምስል ይለውጠዋል። ውኃ ማሚቶ ስለማይመልስ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ድፍን ሥጋ ግራጫ ይሆናል። ጨረር የሌለው በመሆኑ ነፍሰ ጡር ሴትም ሆነች ወጣት ልጃገረድ በተደጋጋሚ ብትመረመርበት የጨረር ስጋት የለም።

በሆድ በኩል የሚደረገው ምርመራ ፊኛ እንዲሞላ ይጠይቃል። አየር የያዘው አንጀት ሞገዱን ስለሚከለክል የሞላው ፊኛ አንጀቱን ገፍቶ ለማህፀንና ለእንቁላል ማምረቻዎች መስኮት ይከፍታል። ታካሚዋ ከምርመራው አንድ ሰዓት ገደማ አስቀድማ ውኃ እንድትጠጣና ሽንቷን እንዳትሸና የምትታዘዘው ለዚህ ነው። በትልልቅ እብጠቶች ላይ ይህ ዘዴ እብጠቱ ወደ ላይ ምን ያህል እንደደረሰ ያሳያል።

በብልት በኩል የሚደረገው ምርመራ በተቃራኒው ባዶ ፊኛ ይፈልጋል። ቀጭኑ ፕሮብ በንጹሕ ሽፋን ተሸፍኖ ስለሚገባ ለማህፀንና ለእንቁላል ማምረቻዎች ቅርብ ይሆናል፤ በሆድ በኩል ከሚታየው ይልቅ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። በርካታ ሴቶች ስለዚህ ምርመራ አስቀድሞ ስለማይነገራቸው ይደነግጣሉ፣ ያፍራሉም። ባለሙያው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርግ ማስረዳት፣ ፈቃድ መጠየቅና ታካሚዋን በአግባቡ መሸፈን ይጠበቅበታል። ታካሚዋም ሴት ባለሙያ ወይም ነርስ አብራት እንድትገኝ መጠየቅ ትችላለች፤ ሕመም ከተሰማትም ምርመራው እንዲቆም ማድረግ መብቷ ነው። ግንኙነት ጀምራ ለማታውቅ ልጃገረድ ይህ ዘዴ አይመረጥም። በሆድ በኩል የሚደረገው ካልበቃ በፊንጢጣ በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ አማራጭ ይሆናል። ድንግልናን በመፍራት ምርመራን ፈጽሞ መተው አያስፈልግም።

በመውለድ የዕድሜ ክልል ላለች ሴት ከምስል ምርመራው በፊት ወይም ከጎኑ የሽንት ወይም የደም የእርግዝና ምርመራ መደረግ አለበት። ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን የምስሉን ትርጉም ሙሉ በሙሉ ይለውጣል። ማህፀኗ ባዶ ሆኖ የታየ ሴት የእርግዝና ምርመራዋ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በአጠገቡ የምትታየው ትንሽ እብጠት ሲስት ሳትሆን ከማህፀን ውጭ ያደረ ጽንስ ልትሆን ትችላለች።

በምስሉ ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚነሳ ድፍንና ክብ ዕጢ ሲሆን ወደ ካንሰር የመለወጡ ነገር እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። እጅግ የተለመደም ነው፤ በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች መካከል ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። አብዛኞቹ ሕክምና አያሻቸውም። ስለዚህ ማዮማ መገኘቱ ብቻ ማህፀን ይውጣ አያሰኝም፤ የሚወስነው ቦታው፣ መጠኑ፣ የሚያስከትለው ደም መፍሰስና የሴቲቱ የመውለድ ፍላጎት ነው።

በእንቁላል ማምረቻ ላይ የሚታየው ሲስት ከሁሉ በላይ ማብራሪያ ይፈልጋል። ‘ሲስት አለብሽ’ የተባለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ደንግጣ ትወጣለች፤ ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ እየዞረችም ደጋግማ ትመረመራለች። የወር አበባ በምታይ ሴት የእንቁላል ማምረቻ በየወሩ እንቁላል የያዘ የውኃ ከረጢት ያሳድጋል። ግድግዳው ስስ የሆነና ውስጡ ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለበት፣ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ከረጢት የጤናማ አካል ሥራ ነው፤ በሽታም አይባልም። ከዚያ ከፍ ያሉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋሉ። ሐኪሙ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ የሚለው ቸልታ ስላለበት አይደለም፤ ጊዜው ራሱ የምርመራው አካል ስለሆነ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሲስት ተጣድፎ ማውጣት ጤናማ የእንቁላል ማምረቻን ሊጎዳ ይችላል፤ ገና ልጅ ላልወለደች ሴት ይህ ጉዳት ትልቅ ነው።

ሌሎቹም የየራሳቸው መልክ አላቸው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚፈጥረው ከረጢት የቆየ ደም ስለያዘ በምስሉ ላይ እንደ ደመና ወጥ በሆነ ግራጫ ይሞላል። ደርሞይድ የሚባለው በውስጡ ስብ፣ ፀጉር፣ አንዳንዴም ጥርስ የሚገኝበት ዕጢ ነው፤ ካንሰር ግን አይደለም። የተጠማዘዘ የእንቁላል ማምረቻ አብጦ ይታያል፤ ዶፕለር በተባለው ዘዴ የደም ዝውውሩ ሲለካ ደም እየደረሰው ቢመስልም መጠማዘዙ የለም ለማለት አያስችልም። እዚህ ላይ የታካሚዋ ሕመም ከምስሉ ይቀድማል።

ካንሰርን የሚያጠራጥሩ ምልክቶችን ወጥ በሆነ መንገድ ለመለየት ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ቀላል ደንቦችን አውጥቷል። ቅርጹ ያልተስተካከለ ድፍን ዕጢ፣ በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ ከግድግዳው ወደ ውስጥ የበቀሉ አራት ወይም ከዚያ በላይ ጉጦች፣ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቅርጹ ያልተስተካከለ ባለ ብዙ ክፍል ድፍንነት ያለው ዕጢ፣ እንዲሁም እጅግ የበዛ የደም ዝውውር አሳሳቢዎቹ ናቸው። በአንጻሩ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሲስት ወይም ምንም የደም ዝውውር የማይታይበት ዕጢ ካንሰር ላለመሆኑ ያመለክታል። ከሁለቱም ወገን ምልክት ሲገኝ፣ ወይም ከሁለቱም ሲጠፋ፣ ደንቡ መልስ አይሰጥም፤ ታካሚዋ የበለጠ ልምድ ወዳለው ባለሙያ ወይም ወደ ኤምአርአይ ትላካለች። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ሴት ላይ የተገኘ ማንኛውም ድፍንነት ያለው እብጠት ከወጣት ሴት ይልቅ በጥብቅ መታየት ይኖርበታል።

ኤምአርአይና ሲቲ ስካን

ኤምአርአይ በብርቱ ማግኔት የሚሠራና ጨረር የሌለው ምርመራ ነው። አልትራሳውንድ ሳይወስን የቀረውን ይፈታል፤ ስብን ከደም፣ ማዮማን ከእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ጥርት አድርጎ ይለያል። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነና መሣሪያው በየቦታው ስለማይገኝ ለእያንዳንዱ ሲስት ማዘዝ ተገቢ አይሆንም። በሰውነቷ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ወይም ሌላ ብረት ያለባት ሴት አስቀድማ መናገር አለባት። ነፍሰ ጡር ሴት ኤምአርአይ ካስፈለጋት ያለ ማቅለሚያ መድኃኒት ይደረግላታል።

ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጨረር አለው፤ የእንቁላል ማምረቻ እብጠትን ምንነት ለመለየትም ከአልትራሳውንድ የተሻለ አይደለም። ተገቢው ሥራው ካንሰር ሲጠረጠር ወደ ጉበት፣ ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋንና ወደ ሳንባ መሰራጨቱን ማሳየትና የቀዶ ሕክምና ዕቅድ ማገዝ ነው። የኩላሊት ችግር ያለባት ወይም ለማቅለሚያ መድኃኒት አለርጂ የሆነች ታካሚ ይህንን ለባለሙያው ማሳወቅ ይገባታል።

ካንሰር የሚመስል ነቀርሳ

በኢትዮጵያ ሐኪሞች ከቶ ሊዘነጉት የማይገባ አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም የሆድ ዕቃ ሽፋን ቲቢ ነው። ቲቢ ሆድን በፈሳሽ ሊሞላ፣ በእንቁላል ማምረቻዎች ዙሪያ እብጠት ሊፈጥርና ክብደት ሊቀንስ ይችላል። ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራም በቲቢ ምክንያት ከፍ ይላል። ምስሉና የደም ምርመራው አንድ ላይ ሲታዩ የተስፋፋ ካንሰር ይመስላሉ፤ ታካሚዋና ቤተሰቧም ተስፋ ሊቆርጡ ይችላሉ። በሽታው ግን በመድኃኒት የሚድን ነው። ልዩነቱን የሚያረጋግጠው ከሆድ ፈሳሽ ወይም ከሽፋኑ የተወሰደ ናሙና ነው፤ ስለዚህ ናሙና ሳይመረመር በምስል ብቻ ካንሰር ነው ብሎ መደምደም ከባድ ስህተት ይሆናል።

ሲኤ 125 በራሱ ካንሰርን አያረጋግጥም፤ አያስቀርምም። በወር አበባ ወቅት፣ በእርግዝና፣ በኢንዶሜትሪዮሲስና በዳሌ ኢንፌክሽን ሊጨምር ይችላል፤ ካንሰሩ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ካለባቸው ሴቶች መካከል ደግሞ በግማሽ ያህሉ ላይ ላይጨምር ይችላል። ናሙና መውሰድም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከእንቁላል ማምረቻው ያልወጣ ካንሰር የሚጠረጠርበትን ሲስት በመርፌ መውጋት ሕዋሳቱን ወደ ሆድ ውስጥ ሊረጭ ስለሚችል አይመከርም፤ ዕጢው ሳይፈርስ በሙሉ ወጥቶ በፓቶሎጂ ይመረመራል።

ምርመራው የማይመልሰው ጥያቄ

‘አልትራሳውንድ ተነስቼ ነጻ ነሽ ተብያለሁ’ የሚል አነጋገር የተለመደ ነው። ይህ ምርመራ ግን የማህፀን በር ካንሰርን ቀድሞ ለማወቅ አያገለግልም። ለዚያ ያለው የአሴቲክ አሲድ ምርመራ ወይም የኤች ፒ ቪ ምርመራ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆነ ሴቶች ይመከራል። አልትራሳውንዷ ጤናማ የሆነላት ሴት ይህን ምርመራ ካላደረገች አሁንም ሊኖራት ይገባል።

ምንም ምልክት ለሌላቸው ሴቶች የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርን በየዓመቱ በአልትራሳውንድ መፈለግም ሞት አልቀነሰም። በእንግሊዝ ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። እንግዲህ ገንዘብና ጊዜ የሚገባው ምልክት ያላት ሴት ሳትዘገይ እንድትመረመር ለማድረግ ነው።

ከጤና ጣቢያ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል

ምልክት የታየባት ሴት መነሻዋ በአቅራቢያዋ ያለው ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ልትመራት ትችላለች። ለነፍሰ ጡር ክትትል አልትራሳውንድ ባለበት ጤና ጣቢያ ባለሙያዎቹ የሠለጠኑት በዋናነት ጽንስን ለማየት ስለሆነ፣ እብጠት ሲያጋጥማቸው ስሙን ለመወሰን ከመጣር ይልቅ ወደ ሆስፒታል መላካቸው ትክክለኛ ሥራ ነው። ካንሰር የሚያጠራጥር ምልክት ያላት ታካሚ ቀዶ ሕክምናዋ የዘርፉ ስፔሻሊስት ባለበት ሆስፒታል እንዲከናወን ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በአግባቡ መከናወኑ ከበሽታው በኋላ የሚኖራትን ዕድሜ ይወስናልና።

የምርመራ ወረቀቱ የእብጠቱን መጠን በሴንቲ ሜትር፣ የተነሳበትን አካል፣ የውስጡን ይዘት፣ የሆድ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩንና የመጨረሻ የወር አበባ ቀንን መያዝ ይኖርበታል። ‘ሲስት ታይቷል’ ብቻ የሚል ወረቀት ለሚቀጥለው ሐኪም ብዙም አይጠቅምም፤ ታካሚዋ ዝርዝሩ እንዲጻፍላት መጠየቅ ትችላለች። ሲስት እያደገ ወይም እየጠፋ መሆኑ የሚታወቀው የዛሬው መጠን ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ስለሆነ፣ ቀድሞ የተነሳችውን ፊልምና የውጤት ወረቀት ሁሉ፣ የቆዩትንም ጭምር፣ በአንድ ፖስታ አድርጋ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ይዛ መምጣት ይኖርባታል።